ተኝታ የነበረችው ጥርስ

ረቡዕ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ብሎ፣ አሱር ሊሰገድ ጥቂት ሲቀረው። ሰዓቱን የማውቀው በአያቴ ነው። አያቴ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ በረንዳው ላይ ፍራሻቸውን አስነጥፈው፣ ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ የሚያስነሳቸው የአሱር አዛን ብቻ ነው። የዚያን ቀን ግን አዛኑ ሳይሰማ፣ ጉንጫቸው እንደተወጠረ፣ በባዶ እግራቸው ወደ ውሃው ፓምፕ ሲሮጡ አየኋቸው። አፌ ደም ሞልቶ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ግን ስለ ደሙ አልነበረም። "አባባ መሮጥ ይችላሉ ለካ" የሚል ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ቅርንፉድ ነው። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ ጥርሴን ለማስጸዳት አንድ ክሊኒክ ገብቼ ተራ ስጠብቅ፣ የሐኪሙ በር በተከፈተ ቁጥር የቅርንፉድ ሽታ ይወጣ ነበር። የሌሎቹ ፊት ሲጨማደድ እኔ ፈገግ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "አንቺ አትፈሪም እንዴ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ይህ ለእኔ የአያቴ ሽታ ነው ብል ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ከማላውቀው ሰው ጋር ረጅም ወሬ አይሆንልኝም። እንደማልፈራ ራሴን ነቀነቅኩ። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ዳር፣ አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ቀወት ማሳዎች በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አባቴ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ቤት የምንውለው እናቴ፣ አያቴና እኔ ነበርን። አያቴን ጎረቤቱ ጋሽ ሙሄ ይላቸዋል። ጥርስ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ከፊት የቀሩትን ጥቂቶች "እነዚህ ለሳቅ ናቸው እንጂ ለሥራ አይደሉም" ይሏቸው ነበር። ስለዚህ ጫታቸው መወቀጥ ነበረበት፤ መውቀጡ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። ትንሿን የእንጨት ሙቀጫ በጉልበቶቼ መካከል ይዤ ለጋውን ቅጠል ከነስኳሩ እወቅጣለሁ።

"አንድ ቅርንፉድ ጣል አድርጊበት፣ ሀዩ።"

ጣል አደርጋለሁ።

"ደቀቀ?"

"ደቋል፣ አባባ።"

"ጥርሴ እኮ አንቺ ነሽ" ይሉኛል፤ እኔም በኩራት እጄን ቀሚሴ ላይ እጠርጋለሁ።

የወቀጥኩላቸውን በማንኪያ እየቆነጠሩ በግራ ጉንጫቸው ያኖሩታል። ጉንጫቸው ቀስ በቀስ ይነፋል፤ አሱር ሲደርስ ተጉመጥምጠው ይተፉትና ተመልሶ ይጎደጉዳል። ይህ የጉንጭ መንፋትና መሟሸሽ ለእኔ እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ያለ ነገር ነበር። አዋቂ ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ጉንጩ የሚያብጥ ይመስለኝ ነበር።

ፓምፑ ከበረንዳችን ፊት ለፊት፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ነው። እጀታው ረጅም ብረት ነበር። ለእናቶቻችን ውሃ መቅጃ ሲሆን ለእኛ መጫወቻ ነው፤ ወደ ላይ ሲነሳ ተንጠልጥሎ በሰውነት ክብደት ወደ ታች ማውረድ። ሰኔ ነበር፤ ሮቢት በሰኔ ገና እሳት ናት። እጄን አልቦኝ ስለነበር፣ እግሬ መሬት ሲነካ ብረቱ አመለጠኝና ከሥር ተስፈንጥሮ አገጬን መታኝ። ጥርሶቼ ሲጋጩ የሰማሁት ድምፅ ሙቀጫ ውስጥ ደረቅ ቅርንፉድ ሲሰበር የሚሰማው ነበር።

አያቴ አፌን በፓምፑ ውሃ አጠቡኝ። በግራ በኩል፣ ከታች፣ አንዷ መንጋጋ ጥርሴ ተሰንጥቃለች እንጂ አልወለቀችም።

"የወተት ጥርስ ናት፤ እሷስ ሂያጅ ናት" አለች እናቴ። በእኛ ሰፈር ለእንዲህ ያለ ጥርስ ማንም ሌላ ነገር አይልም። ክረምቱ ሲገባ ጥርሷ አመድ መሰለች፤ ግን አላመመችኝም። ተረሳች።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ እናቴ ፀጉሬን እየሠራችኝ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

"ምን ጎርሰሻል?"

"ምንም።"

"እስኪ ክፈቺ።"

ከፈትኩ። ምንም የለም። በግራ መንጋጋዬ ላይ ግን ለውዝ የሚያህል ጠንካራ እብጠት ነበር። ስትጫነው አያምምም። እናቴ ደነገጠች፤ እኔ አልደነገጥኩም። የአባባ ጉንጭ በየቀኑ ያብጥ የለም እንዴ? አሱርን ጠበቅሁ። አሱር ደረሰ፣ አባባ ተጉመጥምጠው ተፉ፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ተጉመጥምጬ ተፋሁ። የእሳቸው ጉንጭ ሟሸሸ። የእኔ እንደነበረ ቀረ።

ከዚያ ሌላ ምክንያት አገኘሁለት። የመታኝ ፓምፕ ነው፤ የፓምፕ ሥራ ውሃ መግፋት ነው፤ ስለዚህ መንጋጋዬ ውስጥ ውሃ ገፍቶብኛል። ለእናቴ ብነግራት "አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲጨነቅ አትቀልጂ" አለችኝ። እየቀለድኩ አልነበረም።

በጥቅምት እብጠቱ የሎሚ ግማሽ አከለ። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ወንዶች ልክ በሩን ስገባ ይጀምራሉ።

"ቃሚዋ መጣች!"

"ሀያት፣ ገራባውን እንኳ ጣይልን!"

ገራባ ከቃሚ የሚተርፈው፣ ለፍየል የሚጣለው ግንድና ቅጠል ነው። ስድቡ ያስለቅሰኝ የነበረው ውሸት ስለሆነ አልነበረም፤ እውነት ስለሚመስል ነው። ጣቶቼ ሁልጊዜ ከሙቀጫው የተነሳ አረንጓዴ ነበሩ። ሻሼን ወደ ግራ ጎትቼ ማሰር ጀመርኩ። ስናገር አፌን በእጄ መከለል የጀመርኩትም ያኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬም አልተወኝም።

አንድ ቀን መምህራችን፣ ገና ወጣት የነበረው ቲቸር መኮንን፣ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ዞር አለና አየኝ።

"ሀያት፣ ማስቲካውን ትፊ።"

ሻሼን ወደ ጉንጬ ሳብኩ።

"ክፍል ውስጥ አይታኘክም ብዬ የለ? ነይ፣ እዚህ ትፊው።"

ሄድኩ። ቁራጭ ወረቀት ከአገጬ ሥር ያዘልኝ። መምህር ትፊ ካለ መትፋት ነው፤ ምራቄን ተፋሁ። ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ ማስቲካ አይደለም፣ ጫት ነው!" አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቲቸር መኮንን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ጉንጬን በጣቱ ጀርባ ነካው።

"ያምሻል?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፓምፑ" አልኩት፤ ለእኔ በቂ መልስ ነበር።

ወደ ክፍሉ ቀና አለ። "ከዛሬ በኋላ ስለ ሀያት ጉንጭ የሚያወራ የሰባትን ብዜት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይወጣልኛል።" የኋላ ወንበር ጸጥ አለ። የሰባትን ብዜት ከመጀመሪያውም የሚችል አልነበረም። ከትምህርት በኋላ ቤታችን ድረስ አብሮኝ መጣና ለእናቴና ለአያቴ ይህ ነገር ሐኪም እንደሚፈልግ ነገራቸው።

ጤና ጣቢያ ሄድን። ክኒን ሰጡን፤ "ካልጎደለ የጥርስ ሐኪም ይየው" አሉን። ክኒኑ አለቀ፤ እብጠቱ አልጎደለም። የጥርስ ሐኪም ያለው ደብረ ብርሃን ነው፤ እናቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን የሚልኩት የጠናበትን ሰው ነው ብላ ታምን ስለነበር ጉዞውን ትፈራዋለች። በዚህ መሐል የጎረቤታችን የእትዬ ፋጤ ምክር መጣ። ከጁምዓ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነው።

"ምን ደብረ ብርሃን አስኬደ? የማጭድ ጫፍ አግሎ ነካ ነው! እንዲህ ያለ እብጠት እኮ ከተተኮሰ ወዲያው ነው የሚሟሟው። የወንድሜ ልጅ በምን ዳነ?"

እናቴ መሬት መሬት አየች። "አባባ ምን ይላሉ?" አለች ቀስ ብላ።

አያቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከጆሯቸው በላይ፣ ፀጉር የማያበቅል፣ የተጨማደደ ጠባሳ አለ። እኔ አብሯቸው የተወለደ ነገር ይመስለኝ ነበር።

"ፋጤ፣ ይህን ታይዋለሽ?"

"አየዋለሁ፣ ጋሽ ሙሄ።"

"ልጅ ሳለሁ ራስ ምታት አለበት ብለው የተኮሱኝ ነው።"

"ታዲያ አልለቀቀዎትም?"

"ለቀቀኝ እንጂ! ቃጠሎው ሲያመኝ ራስ ምታቱን ረሳሁት። አሁን ግን ያየኝ ሁሉ 'ምን ሆነው ነው?' ሲለኝ እንደ አዲስ ራሴን ያመኛል።"

እትዬ ፋጤ ራሳቸው ሳቁ። አያቴ ግን ኮፍያቸውን መልሰው ሲያደርጉ አልሳቁም። "ይህች ልጅ ዓይናፋር ናት። ሰው አፍጥጦ የሚያይባትን ነገር እንቀንስላት እንጂ አንጨምርባት። ሐኪሙ ጋ እኔ እወስዳታለሁ" አሉ።

እኔ ከንግግሩ ሁሉ የሰማሁት ማጭድ የሚለውን ነበር። ማሽላ የሚታጨድበት ማጭድ ጉንጬን ሊያጭደው ነው ብዬ፣ እስከምንሄድበት ቀን ድረስ ማጭዱ በተሰቀለበት ግድግዳ በኩል አላልፍም ብዬ በጓሮ እዞር ነበር።

የሄድነው በታኅሣሥ ነው። ማሽላው አውድማ ላይ ስለነበር እናቴ ቀረች። አውቶቡሱ ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ፣ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ እንደ ውሃ ቀዘቀዘ። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የመኪና ዋሻ ውስጥ ስንገባ አባባ "ቢስሚላህ" አሉ፤ በወዲያኛው ጫፍ ስንወጣ ዓለም ሁሉ ነጭ ጉም ነበር። ደብረ ብርሃን ወርደን አፌን ስከፍት ጭስ ወጣ። እኔ የሮቢት ልጅ ነኝ፤ ከሰው አፍ ጭስ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። መንጋጋዬ ውስጥ ያለው ውሃ መፍላት የጀመረ መሰለኝ።

"አባባ! ፈላ!"

"ምኑ?"

ወደ አፌ አመለከትኩ። አባባም "ሃ" ብለው ከአፋቸው ጭስ አወጡ። "የእኔም ፈልቷል" አሉና ጋቢያቸውን በሁለታችን ላይ ደረቡት።

የሐኪሟ ክፍል በሩ ሲከፈት የቅርንፉድ ሽታ ተቀበለን። ፍርሃቴ ሁሉ ለቀቀኝ። አባባን ዝቅ ብለው እንዲሰሙኝ ጎትቼ፣ በሹክሹክታ መስሎኝ ጮክ ብዬ፣ "ሐኪሟም ትቅማለች" አልኳቸው።

አባባ ሳል ያዛቸው። "ምን አለች?" አለች ሐኪሟ።

"የክፍሉ ሽታ ጥሩ ነው ነው የምትለው።"

"እስከ ዛሬ እንዲህ ያለኝ ልጅ የለም" አለችና፣ ቀድመን ያስነሳነውን የራጅ ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። በጣቷ ጥቁር ክብ አሳየችን። "ይኸውልዎት አባቴ፣ ይህች የተሰነጠቀችው የወተት ጥርስ ስትመታ ሞታለች። ከሥሯ ቀስ እያለ ውሃ ተቋጥሯል፤ ይህ ክቡ እንደ ከረጢት ነው።"

ውሃ! እናቴ አጠገቤ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ።

"ከረጢቷ እያደገች አጥንቱን ነፋችው። ይህችን ነጯን ያዩዋታል? ከሥር የምትተካው አዲሷ ጥርስ ናት። ውሃው ገፍቶ አስተኝቷታል።"

አባባ ፊልሙን ሳይሆን የሐኪሟን ፊት ነበር የሚያዩት። "ክፉው በሽታ ነው?"

"አይመስለኝም። ሲመቱ እንዲህ የሚሆንባቸው ልጆች አይቻለሁ። ግን ከከረጢቷ ቁራጭ ወስጄ ለምርመራ እልካለሁ፤ እርግጡን የሚነግረን እሱ ነው።"

"ጥርሷስ? አዲሷ?"

"ሁለት መንገድ አለ። ከረጢቷን ከነአዲሷ ጥርስ ጠርገን ማውጣት እንችላለን፤ ያ ቶሎ ይገላግላል፣ ግን በቦታዋ ሌላ ጥርስ አይወጣም። ወይ ደግሞ የሞተችውን ነቅለን፣ ከረጢቷን ከፍተን፣ ውሃው እየፈሰሰ እንዲሟሽሽ እንተዋለን። አዲሷ ጥርስ ቦታ ካገኘች ራሷ ልትነሳ ትችላለች። ግን ቀዳዳው በየቀኑ በጨው ውሃ መታጠብ አለበት፤ መመላለስም አለ። ላትነሳም ትችላለች፤ ቃል አልገባልዎትም።"

አባባ ምላሳቸውን በባዶ ድዳቸው ላይ አዞሩ። እንዲህ የሚያደርጉት አንድ ከባድ ነገር ሲያስቡ ነው።

"ጥርስ አለመኖርን እኔ አውቀዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ትጠበቅ። እናጥባለን፤ እንመላለሳለን።"

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪሟን ያናገርኳት። "መቼ ነው የምትነሳው?"

"ስትነቃ ነዋ።"

"ማን ይቀሰቅሳታል?"

ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም። መልሱን ግን እኔ አውቀው ነበር። በእኛ ግቢ የወተት ጥርስ የወለቀ ልጅ ፀሐይ ስትወጣ ጥርሱን በገዛ እጁ ቆርቆሮው ጣራ ላይ ይወረውራል። ወፍ አሮጌውን ወስዳ አዲሱን ታመጣለታለች። የፊት ጥርሶቼን ወርውሬ ነበር፤ ሁሉም ወጥተውልኛል። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አዲሷ የተኛችው አሮጌዋ ጥርስ ጣራ ላይ ስላልደረሰች ነው። የሐኪሟ ሥራ ጥርሷን ማውጣት ብቻ ነው፤ የቀረው የእኔ ነው።

መርፌው ትንሽ ወጋኝ፣ ከዚያ ግማሽ ፊቴ ጠፋ። አባባ በሩ አጠገብ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ፤ ጥርሷ ለሁለት ተከፍላ ወጣች፣ ብረቱ ሳህን ላይም ኳ ኳ አለች። ሞቅ ያለ ነገር በአፌ ሲፈስ "ይኸው ውሃው" አለች ሐኪሟ። ከከረጢቷ ቁራጭ ወስዳ፣ ቀዳዳውን በፋሻ ሞልታ "ጎበዝ፣ አለቀ" አለችኝ።

ያኔ ስታግዛት የነበረችው ነርስ ሳህኑን አንስታ ወደ ቆሻሻ መጣያው ስትሄድ አየሁ።

እኔ ሰው ፊት ድምፄን አሰምቼ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። አሁን ደግሞ አፌ በፋሻ ተሞልቷል፣ ምላሴም ደንዝዟል። የሐኪሟን ጋውን ጨምድጄ ያዝኩና በሌላው እጄ ወደ ላይ አመለከትኩ።

"ምን ሆንሽ? መብራቱ ነው? አጥፉላት።"

መብራቱ ጠፋ። እኔ ይበልጥ ወደ ላይ ጠቆምኩ። ሐኪሟ ወደ ኮርኒሱ አየች፤ ነርሷም ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ወደ ኮርኒሱ አየች።

"እዚያ ላይ ምን አለ?" አለች ነርሷ።

ነርሷ ቆማለች፣ ሳህኑ ግን ወደ መጣያው እንዳዘነበለ ነው። እንባዬ መጣ።

"ጣራ ነው የምትላችሁ" አሉ አባባ ከበሩ። "የቤታችንን ጣራ። ጥርሷን ስጧት።"

ሐኪሟ በሳቅ ፈነዳች። "እኔን! እኛም እኮ ቤት እንወረውር ነበር!" ሁለቱን ስንጥር ራሷ አጥባ፣ በፋሻ ጠቅልላ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። "በደንብ ያዢያት። ወፏም ብትተባበረኝ ደስ ይለኛል።"

የምርመራው ውጤት በኋላ ደህና ሆኖ መጣ። አዲሷ ጥርስም ጊዜዋን ወስዳ፣ ትንሽ ዘመም ብላ ወጣች፤ ዛሬም ምላሴ ሲያርፍ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ያን ዕለት ከደብረ ብርሃን ስንወርድ ግን ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር። አባባ ተጨንቀው የተስቢህ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ እኔ ጡጫዬን ጨብጬ ሙቀቱ በመስኮቱ ሲመለስ ይሰማኛል፤ የአውድማው አቧራ ይሸተኛል። ሮቢት ስንደርስ ፀሐይ ገብታ ነበር። እናቴ አፌን እያየች አለቀሰችም፣ ሳቀችም።

በማግሥቱ አባባ ከሱብሂ ሰላት ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ፀሐይ በቆላው በኩል ብቅ ስትል "አሁን" አሉኝ። የመጀመሪያዋን ስንጥር ወረወርኩ፤ ቆርቆሮው ኳ አለና ድምፁ ጠፋ፤ ቀረች። ሁለተኛዋን ወረወርኩ፤ ኳ አለች፣ ከዚያ ተንከባልላ፣ ተንከባልላ፣ ከጣራው ጠርዝ ወርዳ እግሬ ሥር ወደቀች።

ጣራው ግማሽ ጥርሴን መለሰብኝ። ግማሽ ጥርስ ይዞ ማን ሙሉ ጥርስ ያመጣል?

አባባ ጎንበስ ብለው አነሷት። አቧራዋን እፍ ብለው ወደ ፀሐይዋ አድርገው አዩዋት።

"ያንቺማ ደርሷል፤ ሰምቻለሁ" አሉ። "ይህች የተመለሰችው ያንቺ ስላልሆነች ነው። ይህች የእኔ ድርሻ ናት። በይ፣ ለአባባ ብለሽ ወርውሪ።"

በሙሉ ጉልበቴ ወረወርኩ። ከጣራው መሐል ኳ አለች። ሁለታችንም አንገታችንን ቀና አድርገን ጠበቅን፤ አልተመለሰችም።

አባባ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ። "እስኪ እይልኝ፤ ወጣች?"

ጣቴን አስገብቼ ባዶ ድዳቸውን ዳሰስኩ። "ገና ተኝታለች" አልኳቸው፤ አፌ ስላበጠ ቃሉ ተንሻፍፎ ወጣ፤ ግን በእጄ አልከለልኩትም።

ከዚያ ሙቀጫውን ወደ ፓምፑ ወስጄ አጠብኩትና፣ እስከ ዙሁር እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። የእሳቸው እስክትነሳ ድረስ ጥርሳቸው እኔ ነኝ።